ጠርዙ ጥርስ ያለው ቅጠል

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወ/ሮ ዘኪያ
ሞያሌ

እንደምን ሰነበቱ? እናትዎስ እንዴት ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ጆሮዬ ብቻ እንደተዉት ነው፤ ስልክ መጥራቱን እሰማለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚባለውን ግን አልሰማም። ስለዚህ በደብዳቤ እንገናኝ ማለትዎ ለእኔ ትልቅ ውለታ ነው። የላኩት ማክሰኞ ደረሰኝ። የሞያሌው አውቶቡስ ሹፌር ኢስሊ ሰፈር ለልጅዎ ለሙስዓብ ሱቅ ሰጥቶት፣ እሱም በሠራተኛው እጅ ላከልኝ።

የጠየቁኝን በተራ እመልሳለሁ።

ስለ ዓሣዎቹ፦ ዐሥራ አራቱም ቲላፒያዎች በሕይወት አሉ። ምግባቸውን እንዳሳዩኝ በሻይ ማንኪያ ለክቼ ጠዋትና ማታ እሰጣለሁ። እርስዎ «ዳኛው» የሚሉት ትልቁ አሁንም ቀድሞ ይበላል፣ ሌሎቹ ይጠብቁታል።

ስለ ውሃው፦ የቧንቧው ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ማጠራቀሚያው ሙሉ ነው።

ስለ ጎረቤት ድመት፦ መምጣቷን አልተወችም። ኩሬው ዳር ቁጭ ብላ ታያለች እንጂ እስካሁን የወሰደችው ዓሣ የለም።

ስለምኖርበት ሰርቪስ ጣሪያ፦ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ፤ አይጨነቁ።

የሄዱ ዕለት በሩ ላይ ቆመው «መምህር፣ ቤቱን አላህ ይጠብቀዋል፤ አበባዋን ግን እርስዎ» ያሉኝን አልረሳሁም። ሌላ ምንም አላዘዙኝም። ዐሥራ አንድ ዓመት ግቢዎ ውስጥ ስኖር ከእኔ የጠየቁት ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው።

የቀረውን በሚቀጥለው እጽፋለሁ። የአውቶቡሱ ሰዓት ደርሷል።

አክባሪዎ
አወቀ

*

ሞያሌ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር አወቀ

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበቱ? እናቴ አልሐምዱሊላህ ደኅና ናት። የተሰበረው ዳሌዋ ላይ ብረት ገብቶላታል፤ ሐኪሙ ግን በዚህ ዕድሜ መልሳ ትሄዳለች ብሎ አፉን ሞልቶ አልነገረኝም። ትናንት «ሩዙ ጨው ጎድሎታል» ብላ ተቆጣችኝ። ደስ አለኝ።

መምህር፣ አምስት ነገር ጠይቄዎ አራቱን መለሱልኝ። ሙስዓብ የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ሆኖ ሲያስጠኑት፣ አንድ ጥያቄ ከዘለለ ደብተሩን ዘግተው ያስነሡት ነበር። «የተሳሳተውን አርማለሁ፣ የተዘለለውን ምን ላድርገው?» ይሉት ነበር። እኔም አሁን ያንኑ ልበልዎ። አበባዋ እንዴት ናት? ከሄድኩ ስንት ጊዜ አበበች? ያ ካባምቤ የሚሉት ተራ ስልክዎ ፎቶ እንደማያነሣ አውቃለሁ፤ በቃል ይንገሩኝ።

በከንቱ አልወተውትዎም። ሙስዓብ የሲሚንቶውን ነገር እንደገና አንሥቷል። ኩሬውን ደፍኖ ፕሮቦክስ መኪናውን የሚያቆምበት ሊያደርገው ይፈልጋል። ሦስት ከረጢት ገዝቶ አስቀምጧል አሉ። በስልክ «እማዬ፣ አንቺ እዚያ ነሽ፣ መምህር አርጅተዋል፣ ኩሬው ለማን ነው?» አለኝ። «የአባትህ አበባ ውሃው ላይ እያለች ያቺን ኩሬ ማንም አይደፍናትም» አልኩት። ዝም አለ። በዚህ አንድ ነገር ሁልጊዜ ዝም ይላል። አላህ ይዘንለትና ባለቤቴ ኑሬ በእጁ ከቆፈረው ነገር ከዚያች ኩሬ ሌላ የቀረኝ የለም።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኩዎ ነገር ካለ አውፍ ይበሉኝ።

ዘኪያ

*

ናይሮቢ
የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወ/ሮ ዘኪያ

ረመዳን ከሪም። እናትዎ ስለ ጨው መቆጣታቸው እኔንም ደስ አሰኝቶኛል።

አውፍ በሉኝ ብለው ጽፈውልኛል። ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እርስዎ ምንም ሳያደርጉኝ ይቅርታ ሲጠይቁኝ፣ እኔ አድርጌ ዝም ማለት አልቻልኩም። የዘለልኩትን አምስተኛ ጥያቄ አሁን እመልሳለሁ። አበባዋ ሞታለች። የሞተችውም በእኔ ጥፋት ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

የካቲት 9 ቀን እሑድ ነበር። ከኅብረታችን ስድስት ሰዎች ሊጠመቁ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። እኛ ዘንድ ተጠማቂው መላ ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ለዚህ የአንድ እንግዳ ማረፊያ መዋኛ ገንዳ ተከራይተን ነበር። ከአምልኮ ስንወጣ ፓምፑ ተበላሽቶ ገንዳው መዘጋቱን ነገሩን። አምስቱ ሌላ እሑድ ነበራቸው። ስድስተኛዋ ግን አልነበራትም። ፋናዬ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመት ወረቀቷን ስትጠብቅ ኖራ ማክሰኞ ልትበር ነው። «በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ሰው እጅ አልጠመቅም። ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ» ብላ አለቀሰች።

ፓስተር አቤኔዘር ወደ እኔ ዞረ። ግቢያችንን ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ ያቺ ኩሬያችሁ ምን ያህል ትጠልቃለች?»

«አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር» አልኩት።

ማለት የነበረብኝ «ባለቤቷን ልጠይቅ» ነበር። እኔ ግን ልክ ሲጠየቅ ልኩን የሚናገር ሰው ነኝና ልኩን ተናገርኩ፤ እሱም እንደ ፈቃድ ተቆጠረ፤ እኔም አላረምኩትም። ጆሮዬን ምክንያት ማድረግ አልፈልግም። ሙስዓብን እንዲደውልልኝ መለመን እችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉን በሥርዓት ለማድረግ ሞከርኩ። ዓሣዎቹን ከነውሃቸው ወደ ሰማያዊው በርሜል አዛወርናቸው። አበባዋን ከነሥሯ አንሥቼ ጥላ ያለበት ሲሚንቶ ላይ አስተኛኋትና በረጠበ ጆንያ ሸፈንኳት። የኩሬውን ደለል በሰባት ባልዲ አውጥተን ከሰርቪሱ ጀርባ ደረደርነው። ንጹሕ ውሃ በቦቴ አስመጣን።

የእኔ ድርሻ ስም መጥራት ነበር። ዝርዝሩን ይዤ ምልክት አደርጋለሁ፣ ፎጣ አቀብላለሁ። የኩሬው ዳር እንዴት እንደሚያንሸራትት ያውቁታል። መጀመሪያ የተጠመቀው ጫላ የሚባል ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲወጣ እግሩ ከድቶት ፓስተሩን ይዞ ሊወድቅ ደረሰ። እኅት ወርቂቱ ነገር ቶሎ ይታያታል። ዞር ዞር ብላ አየችና አንድ እርጥብ ጆንያ ጎትታ አምጥታ መውጫው ላይ አነጠፈችው። «ጎሽ፣ ወርቂቱ!» ያልኳት እኔ ነኝ። ጆንያው ከየት መጣ ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ በኋላ ማንም አልተንሸራተተም።

ይህ በሰባት ሰዓት ነው። ጥላው ዞረ። ምግብ ቀረበ፣ ተዘመረ፣ ፋናዬን ተሰናበትን። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጆንያውን አጥቤ ልሰቅለው ሳነሣ ትዝ አለኝ። ሮጬ ሄድኩ። ቅጠሎቿ እንደ ወረቀት ደርቀው ነበር። የመሃል ቡቃያዋ ጠቁሯል።

ከራሷ ደለል በሳፋ ሞልቼ መልሼ ተክያታለሁ፤ ሳፋውንም ኩሬው ጥግ አስምጬዋለሁ። ዓሣዎቹን የውሃው ክሎሪን እስኪወጣ ሁለት ቀን አቆይቼ መለስኳቸው። አበባዋን በየቀኑ ጠዋት አያታለሁ። ለውጥ የለም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ይህ ከሆነ አራት ቀኑ ነበር። የአውቶቡሱ ሰዓት አልደረሰም ነበር። ፈርቼ ነው። ሙስዓብም ረመዳን ሳይገባ ሐሙስ ዕለት ብቅ ብሎ ነበር። በረንዳ ላይ አስቀምጬ ሻይ አቀረብኩለትና ወደ ጓሮ እንዳይሄድ ስለ ሸቀጥ ዋጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቅሁት። በሰባ አንድ ዓመቴ ይህን አደረግሁ።

ለእሱ ምን እንደሚነገረው የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ክፍሉን ልቀቅ ካሉኝም ተገቢ ነው፤ አልከራከርም።

አወቀ

*

ናይሮቢ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወ/ሮ ዘኪያ

መልስዎ አልደረሰኝም። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመልሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሱቁ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሙስዓብ «ከእማዬ ምንም የለም፣ መምህር» አለኝ። ሌላ ነገር ያውቅ እንደሆነ ፊቱን አየሁት፤ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ላስቸኩልዎ አይደለም። ሁለት ነገር ለማሳወቅ ነው። አንደኛ፣ የአበባዋ ሥር ስለሸተተ ዓሣዎቹን እንዳይጎዳ መጋቢት 8 ቀን አውጥቼ ቀብሬዋለሁ። ሳፋውን ከነደለሉ እዚያው ትቼዋለሁ፤ ባዶ ጥግ ማየት አልቻልኩም። ሁለተኛ፣ መጻሕፍቴን በካርቶን አድርጌያለሁ። ፓስተር አቤኔዘር እሱ ቤት አንድ ክፍል አለ ብሎኛል። ቁልፉን ለማን እንደምሰጥ ብቻ ይጻፉልኝ።

ወርቂቱ ሰምታ መጥታ ነበር። «ጋሼ፣ ለሴትየዋ እኔ ነኝ ብለው ይጻፉላት» አለችኝ። አልጽፍም። ጆንያውን ያነሣችው ሰው እንዳይወድቅ ነው። ጎሽ ያለው ያ ጆንያ የምን እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ነው።

አወቀ

*

ሞያሌ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር አወቀ

አሰላሙ ዓለይኩም። የዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። የእናቴ ቁስል አመርቅዞ ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኝተን ነበር። ለሙስዓብም እንዳይደነግጥ አልነገርኩትም። አሁን ወጥተናል። ትናንት መደገፊያዋን ይዛ ከአልጋዋ እስከ በሩ ሄደች። በሩ ጋ ቆማ «ምን ታዩኛላችሁ?» አለችን። እኔና ነርሷ ነበርን የምናለቅሰው።

ሁለቱንም ደብዳቤዎን ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። ልንገርዎ፣ መጀመሪያ ተቆጥቻለሁ። በኩሬዬ ሰው ስለተጠመቀ አይደለም። ኑሬ ቢኖር ቦቴውን ራሱ ይጠራ ነበር። የተቆጣሁት አንድ ቃል ስላልጠየቁኝ ነው። ቀጥሎ ጆንያው ላይ ስደርስ ሳቅሁ። እርስዎ ዝርዝር ይዘው «ጎሽ» ሲሉ ታየኝ። አጠገቤ የነበረችው ሴት «ምነው፣ ደኅና ነሽ?» አለችኝ። ከዚያ ግን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እርስዎ የገደሉት የኑሬን አበባ አይደለም። የኑሬን አበባ የገደልኩት እኔ ነኝ።

በ2013 ነው፣ ኑሬ በሞተ በዓመቱ። እርስዎ ካኩማ ካምፕ ለፈተና እርማት ሄደው ሁለት ወር የቆዩ ጊዜ። ዱዓ እንዲያደርጉለት ሰው ጠርቼ ነበር። የኩሬው ዳር አረንጓዴ ይዞ ያንሸራትታል፤ ሽማግሌ ቢወድቅብኝስ ብዬ አንድ ጠርሙስ በረኪና አፍስሼ በመጥረጊያ ፈተግሁት። ውሃውን ወዴት ልጠርገው? ወደ ኩሬው ጠረግሁት። በማግሥቱ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። በሳምንቱ አንዲት ቅጠል አልቀረችም።

ለሙስዓብ መንገር አቃተኝ። አባቱን ሁለተኛ ጊዜ የምቀብርበት መሰለኝ። ንጎንግ ሮድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ ሄጄ ነጭ የውሃ አበባ ገዛሁ፤ ዓሣም ገዛሁ። ነጭን ከነጭ ማን ይለየዋል ብዬ። ማንም አልለየውም። ይኸው አራት ዓመት «የአባትህ አበባ» እያልኩ ልጄን በውሸት ከለከልኩት። እርስዎንም በር ላይ ቆሜ በአደራ አሰርኩዎ፤ የንጎንግ ሮድ አበባ አሸክሜ።

በየረመዳኑ አውፍ በሉኝ ስል እርስዎ ጋ ስደርስ ድምፄ ይቀንስ ነበር። አሁን ሙሉውን ሰሙ።

ስለ ክፍሉ፦ መጻሕፍቱን ከካርቶን ያውጡ። ቁልፉን ለማንም አይስጡ። ከኢድ በኋላ ለሙስዓብ ራሴ እነግረዋለሁ። ሲሚንቶውን ካፈሰሰ ያፍስስ፤ እኔ ከዚህ በላይ መዋሸት ደክሞኛል።

ዘኪያ

*

ናይሮቢ
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወ/ሮ ዘኪያ

ኢድ ሙባረክ። እናትዎ በር ድረስ መሄዳቸውን ለፓስተር አቤኔዘርም ነግሬው አብረን አመስግነናል። መጻሕፍቱ ወደ መደርደሪያቸው ተመልሰዋል።

ደብዳቤዎን አንብቤ የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። ከዚያ የምነግርዎ ነገር እንዳለኝ ተረዳሁ። እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

አውቅ ነበር።

ኑሬ ለሱብሒ ሲነሣ እኔም ለጸሎት እነሣለሁ። ኩሬው ዳር እንገናኝ ነበር። አበባዋ በጀምበር መጥለቂያ ትከፈትና ረፋድ ላይ ትዘጋ ስለነበር፣ በዚያ ሰዓት ወለል ብላ ነው የምናገኛት። «መምህር፣ ይቺ የምታውቀው እኔና አንተን ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። ቅጠሏ ዙሪያውን እንደ መጋዝ ጥርስ ነበረው። አበባዋ ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ትቆማለች። ከካኩማ ስመለስ ያገኘኋት ግን ጠዋት ተከፍታ ከሰዓት የምትዘጋ፣ ውሃው ላይ የምትተኛ፣ የቅጠሏ ጠርዝ ለስላሳ የሆነ ሌላ አበባ ነበረች። የኩሬውን ነገር የምመዘግብበት ደብተር እንዳለኝ ያውቃሉ። የዚያን ዕለት የጻፍኩትን እንዳለ ልገልብጥልዎ፦

«ሚያዝያ 6 ቀን 2013። የቅጠሉ ጠርዝ ለስላሳ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ተከፈተ። ዓሣዎቹም አዲስ ናቸው። ምክንያቱ፦ አልጠየቅሁም።»

ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ምክንያቱን ሳልጠይቅ ያለፍኩት ይህ ብቻ ነው። የላክሁልዎትን ደብዳቤዎች መልሰው ቢያዩ «የኑሬ አበባ» የሚል ቃል አያገኙም። እንዲህም ሆኖ የፈራሁት ከልቤ ነው። በየቀኑ ጠዋት ሻይዎን ይዘው የሚያዩዋት ያቺን ነበር። አደራ የተባልኩትም ያቺን ነው።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። 

መጋቢት 22 ቀን ጠዋት፣ ያ ባዶ ነው ያልኩዎት ሳፋ ውስጥ አንድ ቅጠል አየሁ። ከሳንቲም አይበልጥም፤ ቀለሙ ቀይ ቡኒ ነው። አረም ይሆናል ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ትናንት ሌላ ሁለት ወጣ። ማጉያ መነጽሬን ይዤ ተንበረከክሁ። ጠርዙ ጥርስ አለው። ቆጠርኩት፤ በትልቁ ቅጠል ሃያ ሦስት ጥርስ።

እጄን ቀስ አድርጌ ደለሉ ውስጥ ሰደድሁ። ቅጠሎቹ የተነሡት ቴምር ከምታህል፣ ድንች ከምትመስል ጠንካራ ሥር ነው። እንዲህ ያለው አበባ ክፉ ጊዜ ሲመጣበት ምግቡን በዚህ ሥር አከማችቶ ጭቃ ውስጥ ይተኛል። እርስዎ ያፈሰሱት በረኪና ቅጠሏን ገደለ እንጂ ደለሉ ሥር ያለውን አልደረሰበትም ማለት ነው። ከዚያ በላዩ ላይ ደለል ተከመረበት፣ አዲሷም አበባ ጥላዋን ጣለችበት፤ ብርሃን አላገኘም። የጥምቀቱ ዕለት ደለሉን በባልዲ ስንገለብጥ ከታች የነበረው ወደ ላይ ወጣ። ይህ ግምቴ ነው። እርግጠኛ የምሆነው ስታብብ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ለራሴም «ሊሆን ይችላል» ነው የምለው። ማዳበሪያ ልጨምርላት ወይ?

አወቀ

*

ሞያሌ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር አወቀ

«ምክንያቱ፦ አልጠየቅሁም»! አራት ዓመት ሙሉ! በየጠዋቱ «ወ/ሮ ዘኪያ፣ ዛሬ እንዴት አምራለች» እያሉኝ! ለእናቴ አነበብኩላት። «ይህ ሰው መምህር ነው ወይስ ሰላይ?» አለች። መደገፊያዋን ጥላ ከሳቀች ደኅና ናት ማለት ነው።

አልተቀየምኩም። ይልቅ ከብዶኝ የነበረ ነገር ከትከሻዬ ወርዷል። የዚያን ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ እንደምዋሽዎ አውቃለሁ፤ ስላልጠየቁኝ አመሰግናለሁ።

ሙስዓብን ነገርኩት። ሁሉንም።  ከዚያ «እማዬ፣ ለአንድ አበባ አራት ዓመት?» አለኝ። ሳፋው ውስጥ ስለበቀለው ስነግረው አላመነኝም፤ ለምን ያምነኛል? «ሳዋ፣ እሺ» አለ። «አያለሁ። ግን ሲሚንቶው ከረጢቱ ውስጥ እየደረቀ ነው። እስከ ሰኔ እጠብቃለሁ። ካበበች እተወዋለሁ፤ ካላበበች ፓርኪንጌን እሠራለሁ፤ ያኔ ማንም ታሪክ እንዳይነግረኝ።» ልክ ነው፤ እሺ አልኩት።

ስለዚህ መምህር፣ ጊዜው እስከ ሰኔ ነው። ማዳበሪያ ልጨምር ወይ ብለው ለጠየቁኝ፦ እኔን አይጠይቁኝ። እኔ በረኪና የጨመርኩ ሴት ነኝ።

ዘኪያ

*

ናይሮቢ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወ/ሮ ዘኪያ

እንደምን ሰነበቱ? እናትዎ ያለ መደገፊያ መቆማቸውን ሙስዓብ ነገረኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስድስት ሳምንት አጭር አጭር እየጻፍኩ ያስጠበቅሁዎ ያልተረጋገጠ ተስፋ ልሰጥዎ ስላልፈለግሁ ነው። ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ ፀሐይ አጥታ ሁለት ቅጠል ቢጫ ሆኖባታል። አንድ ጊዜ ድመቷ ሳፋው ጠርዝ ላይ ቆማ ልትገለብጠው ነበር። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ብቻ ጻፍኩት።

እሑድ እምቡጥ አየሁ። ማክሰኞ እምቡጧ ከውሃው ወጥታ ቆመች። ወዲያው ለሙስዓብ «ነገ ከሱብሒ ሰላት በኋላ በቀጥታ ና፤ ረፋድ ላይ ከመጣህ አታገኛትም» ብዬ ላክሁበት። እውነቱን ለመናገር እንደምትከፈት እርግጠኛ አልነበርኩም።

ትናንት ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ነበር።

«እሺ መምህር፣ የታለች ያቺ የሰኔ እንግዳ?»

ጣቴን ቀሰርኩ። ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ብላ፣ ነጭ ሆና፣ ወለል ብላ ተከፍታ ነበር። ሙስዓብ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ቁጢጥ አለ። አጎነበሰ። አሸተታት።

«ይሄ ሽታ...» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለነበር ጠጋ ብዬ ነው የሰማሁት። «ትንሽ ልጅ ሆኜ አባዬ ከጓሮ ሲገባ ቀስቅሶኝ ጉንጬን ይነካኝ ነበር። እጁ ይሄን ይሸታል። ሽቶ የሚቀባ ይመስለኝ ነበር እኮ፣ መምህር። ከሞተ በኋላ ኢስሊ ያለ ሽቶ ሁሉ አሽትቼ አጣሁት።»

መሐረቤን አቀበልኩት። 

ተነሥቶ ዐይኑን ጠረገና «ሳዋ» አለኝ። «አሸነፋችሁኝ። ግን ሁለታችሁም ውሸታሞች ናችሁ።»

«አንድ አንድ ነጥብ ቀንስብን» አልኩት።

አሁን እርግጠኛ ነኝና በሙሉ ቃል እጽፍልዎታለሁ፦ የኑሬ አበባ አብባለች።

ሲሚንቶውን በተመለከተ፣ እያወራን ሳለ አንድ ነገር ታየን። እርስዎ በረኪናውን ያፈሰሱት የኩሬው ዳር ስለሚያንሸራትት ነው። ወርቂቱም ጆንያውን የወሰደችው ዳሩ ስለሚያንሸራትት ነው። ከሁለታችንም ጥፋት ጀርባ ያለው ያ ዳር ነው፤ ማንም ግን አልጠገነውም። ሙስዓብ ሦስቱን ከረጢት አምጥቷል። አንዱ ጠጥሮ ተጣለ፤ በሁለቱ ዳሩን ሸካራ አድርጎ እያስለሰነው ነው፤ አንድ ደረጃም ይጨምርበታል። ፕሮቦክሱ ከበሩ ውጭ ያድራል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በሐምሌ ሌሎች አራት ሰዎች ይጠመቃሉ። ፓስተር አቤኔዘር ዳሩ መሠራቱን አይቶ «ጋሼ፣ እንግዲህ ኩሬዋ...» ሲል አቋረጥኩት። «ባለቤቷን እጠይቃለሁ» አልኩት። ይኸው ጠየቅሁ። አዎ ወይም አይሆንም ብለው ይመልሱልኝ።

አክባሪዎ
አወቀ

*

ሞያሌ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር አወቀ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሙስዓብ ስለ ሽታው በስልክ ነግሮኛል። ያን ቀን ሁለታችንም ሥራ አልሠራንም።

ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። መልሴ አይሆንም ነው። ዓሣዎቹ ይረፉ፣ አበባዋም ትረፍ። ገንዳ ተከራዩ፣ ፓምፑንም አስቀድማችሁ እዩ። ከዚያ ስትመለሱ ግን ምግቡን እኔ ግቢ ትበላላችሁ፤ ወንበርም ፎጣም አለ። ወርቂቱ ከእኔ አጠገብ ትቀመጥ፤ ያቺን ቀልጣፋ ሴት ላያት እፈልጋለሁ። እሷ ጆንያውን ባታነሣ ኖሮ እኔ እስክሞት የንጎንግ ሮዷን አበባ ስንከባከብ እኖር ነበር።

እኅቴ እናቴን ልትይዝልኝ መጥታለች። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ማታ ናይሮቢ እገባለሁ፤ ዓርብ ዐረፋ ነው። ኑሬ በዚያ ሰዓት «ነይ እያት» ሲለኝ ነገ ነገ እያልኩ አንድም ቀን አብሬው ወጥቼ አላውቅም። ዓርብ ሱብሒ ሰግጄ ጓሮ እወጣለሁ። እርስዎም ለጸሎት ተነሥተው እዚያ ይሁኑ፤ አዲሱን ደረጃ በጨለማ አላውቀውምና እጄን ይያዙኝ።

ዘኪያ